ራሱን ሳትቀጠቅጡት

ካዛንችስ ውስጥ ከአንዲት ጠባብ ቡና ቤት ደጃፍ ተቀምጠን ሳለ አንድ የግንበኞች አለቃ ስልኩን ከኪሱ አውጥቶ ፎቶ አሳየኝ። በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ የሰፈሩ ነባር ቤቶች ከፈረሱ ወዲህ ሥራው ከወንዙ ወገን የድጋፍ ግንብ ማሠራት ነው። ፎቶው ላይ ከተጠረበ ድንጋይ ሥር የተጋደመ እባብ ይታያል። ርዝመቱ ክንድ ተኩል ቢሆን ነው። ጀርባው ወደ ወይራማነት ያደላ ቡናማ፣ ሆዱ ገርጣ ያለ ቢጫ። እስከ አንገቱ ደህና ነው፤ ከአንገቱ በላይ ግን የቀረ ነገር የለም። ድንጋይ አርፎበታል።

«ጋሼ፣ ይኼ መርዛም ነው ወይስ ዝም ብሎ የውሃ እባብ?» አለኝ።

ከጎኑ የተቀመጠው ልጅ ቀደመኝ። «የውሃ እባብ ነው። የውሃ እባብ ምንም አያደርግም።» ቡና የምትቀዳው ሴት ደግሞ ጀበናዋን አስቀምጣ ጎንበስ ብላ ፎቶውን አየችና «እባብ እባብ ነው እናንተ! ምኑን ታማርጡታላችሁ?» አለች።

የአለቃው ጥያቄ ትክክለኛ ጥያቄ ነው። መልሱ ግን ከድንጋዩ ሥር ቀርቷል። የእባብ ዝርያ የሚለይባቸው ዋና ዋና ምልክቶች ከአንገት በላይ ናቸውና። የላይኛው ከንፈር ላይ ስንት ቅርፊት አለ? ከእነርሱ ውስጥ ዓይኑን የሚነኩት ስንተኞቹ ናቸው? በአፍንጫውና በዓይኑ መካከል ያለችው ትንሽ ቅርፊት አለች ወይስ የለችም? የዓይኑ ብሌን ክብ ነው ወይስ ቁልቁል የተሰነጠቀ? ጥርሱ ከፊት ነው ከኋላ? እነዚህ ሁሉ ከጣት የማይበልጥ ቦታ ላይ የተሰበሰቡ ናቸው፤ እኛ ደግሞ እባብ ስናይ መጀመሪያ የምንመታው ያንኑ ነው። የእባብን ራስ መቀጥቀጥ ከሃይማኖት ትምህርትም ከጥንቃቄም የመጣ ልማድ ነው። ልማዱን የሚከተለውን ሰው አልወቅስም፤ ሕፃን በሚሮጥበት ግቢ እባብ የገባበት ወላጅ የሚያስበው ሌላ ነው። ነገር ግን ከመታን በኋላ «ምን ዓይነት ነበር?» ብለን ብንጠይቅ ማስረጃውን ያጠፋነው ራሳችን ነን።

በአማርኛ እባብን በሦስት ደልደል አድርገን እንጠራለን፤ ግዙፉን ዘንዶ፣ ወፍራሙንና ተናዳፊውን እፉኝት፣ የቀረውን ሁሉ እባብ። ለእረኛና ለገበሬ ይህ ክፍፍል ለዘመናት በቂ ሆኖ ኖሯል። «የቀረው ሁሉ» በሚለው ውስጥ ግን በኢትዮጵያ በአሥሮች የሚቆጠሩ ዝርያዎች አሉ። ከእነርሱም ጥቂቶቹ ኑሯቸውን ከወንዝ፣ ከረግረግና ከሐይቅ ዳር ያደረጉ፣ እንቁራሪትና ዓሣ አድነው የሚበሉ ናቸው። «የውሃ እባብ» ብለን የምንጠራቸውም እነዚህን ነው። የቅርብ ዘመዳሞች ይመስላሉ። አይደሉም።

ከውሃ ጋር በጣም የተቆራኘው በምዕራቡ ቆላ፣ ውሃው ወደ ነጭ አባይ በሚወርድበት አገር ይገኛል። ሳይንሳዊ ስሙ ግራዪያ ቶሎኒ ይባላል። ቀን ቀን በውሃ ውስጥ ዓሣና እንቁራሪት ሲያድን የሚውል፣ ሰውን የማይጎዳ እባብ ነው። ግራዪያ ስሚቲ የሚባል የቅርብ ዘመድ አለው፤ እርሱ ከሁለት ሜትር በላይ ሊያድግ ይችላል። ገና ያልጎለመሰ ስሚቲና የጎለመሰ ቶሎኒ ግን በርዝመት ሊገጣጠሙ ይችላሉ፤ ቀለማቸውም ከዕድሜ ጋር ይለዋወጣል። መለያቸው ቁጥር ነው። የቶሎኒ ሰውነት መሃል ላይ፣ ከሆዱ አንዱ ጠርዝ ተነሥቶ ጀርባውን ዞሮ እስከ ሌላው ጠርዝ ሲቆጠር 15 የቅርፊት ረድፍ አለው፤ ስሚቲ 17። በሁለት ረድፍ ልዩነት ሁለት ዝርያ ይለያል።

ሁለተኛው የረግረጉ እባብ ናትሪሲቴሬስ ኦሊቫሴያ ነው። የጀርመኑ ሊቅ ቪልሄልም ፔተርስ እ.ኤ.አ. በ1854 የገለጸው፣ አጭር፣ ወይራማ ጀርባ ያለው፣ ብዙ ጊዜ ጀርባው ላይ ሰፊ ጠቆር ያለ መስመር የሚወርድበት እባብ ነው። ኢትዮጵያን ጨምሮ በአፍሪካ በሰፊው ይኖራል። እርጥብ ሣርና የውሃ ዳር ይወዳል፤ እንቁራሪትና ትንንሽ ዓሣ ይበላል። ጅራቱን ሲይዙት ቆርጦ ይሄዳል፤ የተቆረጠው ጅራት ግን እንደ እንሽላሊት ተመልሶ አይበቅልም። ስለዚህ ጅራተ ጎራዳ የሆነ የረግረግ እባብ ማግኘት የተለመደ ነው። ይህም ለለዪው ሌላ ችግር ይፈጥራል፤ ከጅራት ሥር ያሉት ጥንድ ቅርፊቶች ቁጥር ዝርያንም ጾታንም ለመለየት ይጠቅም ነበርና። የዚህም ዘመዶች በረድፍ ይለያሉ፤ ኦሊቫሴያ 19፣ የምዕራብ አፍሪካው ፉሊጂኖይደስ 17፣ ቫሪየጋታ 15።

ሦስተኛው አረንጓዴው ነው፤ ፊሎታምኑስ ባተርስቢ። ቀጭን፣ ፈጣን፣ ደማቅ አረንጓዴ። ከውሃ ዳር ቁጥቋጦ ላይ ይወጣል፣ ይዋኛል፣ እንቁራሪት ያድናል። መርዝ የለውም። አርተር ላቭሪጅ እ.ኤ.አ. በ1951 ሲገልጸው ራሱን የቻለ ዝርያ አላለውም፤ በአፍሪካ በሰፊው ተሰራጭቶ የሚገኘው የሌላ አረንጓዴ እባብ ንዑስ ዝርያ አድርጎ ነበር ያስቀመጠው። ዝርያ ተብሎ ለብቻው የቆመው ከዚያ በኋላ ነው።

አራተኛውን የውሃ እባብ ማለት ይከብዳል፤ ግን እንቁራሪት ባለበት ሁሉ አይጠፋም። ክሮታፎፔልቲስ ሆታምቦያ ይባላል። ማታ ማታ የሚወጣ፣ ጥቁር ወይም ግራጫ፣ ከኋላ ጥርሱ ለሰው የማያሰጋ ቀላል መርዝ ያለው እባብ ነው። ሲቆጣ ራሱን ጠፍጠፍ አድርጎ ሦስት ማዕዘን ያስመስላል፤ ይነፋል፣ ይወረወራል። በዚህ ጊዜ ያየው ሰው ሁሉ እፉኝት ነው ብሎ ቢምል አይፈረድበትም።

ቁጥር ብቻውን የት ድረስ እንደሚያስኬድ ያየሁት ከአንድ ጎረቤቴ ጋር ነው። ባዮሎጂ አስተማሪ ነች። ቂርቆስ ክፍለ ከተማ ውስጥ ከወንዝ ዳር አንድ አሮጌ የድንጋይ አጥር ሲነሣ ከመሃሉ የወጣ፣ እባብ የጣለው ቆዳ ሠራተኞቹ ሰጥተዋት በጋዜጣ ጠቅልላ አመጣችው። ጠረጴዛ ላይ ጥቁር ጨርቅ አነጠፈች፤ ቆዳውን በጥቂት ውሃ አርሳ በጣቷ ቀስ እያለች ዘረጋችው። እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ስስ ነው፣ ብርሃን ያሳልፋል። ራሱ ዘንድ ተቀዶ ጠፍቷል። ቀሪው ግን ሙሉ ነው፤ እያንዳንዱ ቅርፊት ከነጠርዙ ይታያል።

«ርዝመቱን አትመን፤ ሲገፈፍ ይለጠጣል፤ እባቡ ከዚህ ያጥራል» አለችኝ። ከዚያ መሃሉን ፈልጋ፣ በስፒል ጫፍ እየነካች፣ ሰፊዎቹን የሆድ ቅርፊቶች ሳትጨምር ከአንዱ ጎን ጀምራ በሰያፍ ወደ ጀርባው ወጣች፣ በሌላው ጎን ወረደች። አሥራ ዘጠኝ። ደግማ ቆጠረች። አሥራ ዘጠኝ።

«እንግዲህ የረግረጉ እባብ ነዋ!» አልኩ።

«ወይም ሆታምቦያ። የእርሱም አሥራ ዘጠኝ ነው። ሌላም አይጠፋም።»

ሁለቱ የቅርብ ዘመዳሞች ሳይሆኑ ቁጥራቸው አንድ ነው። ስለዚህ ስፒሏን ይዛ ወደ ኋላ ሄደች፤ ሆዱ አልቆ ጅራቱ የሚጀምርበት ላይ፣ መውጫ ቀዳዳውን የምትሸፍን አንዲት ቅርፊት አለች። በረግረጉ እባብ ይህች ቅርፊት ለሁለት የተከፈለች ናት፤ በሆታምቦያ ያልተከፈለች አንድ ወጥ። ጎረቤቴ የማጉያ መነጽሯን አስጠግታ ቆየችና ወደ እኔ ገፋችው። ወጥ ነበረች፤ ስንጥቅ የለባትም። ከዚያም ወደ ጅራቱ በኩል ያሉትን የጀርባ ቅርፊቶች በሰያፍ ብርሃን አየናቸው፤ መሃላቸው ላይ ከፍ ያለች ደብዛዛ መስመር ትታይ እንደሆነ። ሆታምቦያ ከኋላው አካባቢ እንዲህ ዓይነት መስመር አለው፤ የረግረጉ ግን ልስልስ ነው። አንዳንዶቹ ላይ ያለ መሰለን፤ ሁሉም ላይ ግን አልነበረም።

«ሆታምቦያ ነው ልበል?» አልኳት።

«የረግረጉ እባብ አይደለም በል። ራሱ ቢኖር የቀረውን እጨርስልህ ነበር።»

ይህን አባባሏን ወድጄዋለሁ። መለየት ማለት በአብዛኛው ሊሆን የማይችለውን አንድ በአንድ እያወጡ መጣል ነው፤ መጨረሻ ላይ የሚቀረው አንድ ሊሆን ይችላል፣ ሁለትም ሊሆን ይችላል። ሁለት ከቀረ ሁለት ቀረ ብሎ መጻፍ ነው።

አንዲት ቅርፊት ምን ያህል ልታታልል እንደምትችል የዓለም የእባብ ተመራማሪዎች የሚያስታውሱት አንድ ታሪክ አለ። ካርል ፓተርሰን ሽሚት በቺካጎው ፊልድ ሙዚየም የእንስሳት ክፍል ዋና ኃላፊ የነበረ፣ በዘመኑ በእባብ ዕውቀት ስሙ የናኘ ሰው ነው። እ.ኤ.አ. መስከረም 25 ቀን 1957 ከሊንከን ፓርክ የአራዊት ማቆያ አንድ ከአፍሪካ የመጣ ወጣት እባብ ዝርያው እንዲለይ ወደ እርሱ ተላከ። ርዝመቱ 76 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። የራሱ ቅርጽና የቀለሙ ሁኔታ ቡምስላንግ የሚባለውን የዛፍ እባብ ያመለክታል። ነገር ግን የመውጫው ቅርፊት አልተከፈለችም፤ የቡምስላንግ ደግሞ የተከፈለች መሆን ነበረባት። ሽሚት በዚህች ቅርፊት ምክንያት ሲያመነታ፣ እባቡን ከአንገቱ ራቅ አድርጎ ይዞት ነበርና አውራ ጣቱን ነከሰው። ንክሻው ትንሽ ነበር። በዚያን ጊዜ ከኋላ ጥርስ ያላቸው እባቦች ለሰው ብዙም አያሰጉም ተብሎ ይታመን ስለነበር ወደ ሐኪም አልሄደም፤ የሚሰማውን እየመዘገበ ቤቱ ዋለ። በማግስቱ መስከረም 26 በ67 ዓመቱ ሞተ። እባቡ ቡምስላንግ ነበር። ያልተለመደች ቅርፊት ያላት አንዲት እባብ፣ ያውም ከሁሉም በላይ የሚያውቀው ሰው እጅ ላይ።

ቡምስላንግ በኢትዮጵያም ይኖራል። ወንዱ በብዙ ቦታ አረንጓዴ ነው፤ ስለዚህ ከላይ ካወራነው ጉዳት የለሽ የውሃ ዳር አረንጓዴ እባብ ጋር ሊምታታ የሚችለው እርሱ ነው። ልዩነታቸውን አንድ ጊዜ ካዩት አይረሳም። የፊሎታምኑስ ቅርፊት ልስልስና 15 ረድፍ ነው፤ የቡምስላንግ ከ17 እስከ 21 ረድፍ ሆኖ በሰያፍ የተደረደረ፣ እያንዳንዱ ቅርፊት መሃሉ ላይ ጎላ ያለ መስመር ያለበት ነው። የቡምስላንግ ራስ አጭር፣ ዓይኑ ለራሱ ከሚመጥነው በላይ ትልቅ ነው። እነዚህን ሁሉ ግን ከሩቅ አይቶ መፍረድ ለማንም አይመከርም። እኔም ብሆን አረንጓዴ እባብ ባይ ቆሜ አልቆጥርም፤ እርቃለሁ።

በሰፈር የሚነገሩ ሁለት መለያዎች አሉ፤ ሁለቱም ሰው ሊያስጎዱ ስለሚችሉ ዝም ብዬ አላልፋቸውም። አንደኛው «የዓይኑ ብሌን ክብ ከሆነ መርዝ የለውም» የሚለው ነው። የኮብራ ብሌን ክብ ነው፤ የጥቁር ማምባም፣ የቡምስላንግም እንዲሁ። በአንጻሩ ከቤት አይጥ የሚያጠፋልንና መርዝ የሌለው የቤት እባብ ብሌኑ ቁልቁል የተሰነጠቀ ነው። ሁለተኛው «ራሱ ሦስት ማዕዘን ከሆነ እፉኝት ነው» የሚለው ሲሆን ሆታምቦያ እንዴት እንደሚያስመስለው አይተናል። በአሜሪካ ደቡባዊ ግዛቶችም ይኸው ችግር አለ። ኔሮዲያ የሚባሉት ጉዳት የለሽ የውሃ እባቦች ሲፈሩ ራሳቸውን ጠፍጠፍ ስለሚያደርጉ ኮተንማውዝ ከተባለው መርዛም የውሃ እፉኝት ጋር እየተምታቱ ይገደላሉ። ከኔሮዲያዎች አንዱ፣ በፍሎሪዳ የአትላንቲክ ዳርቻ ረግረግ ብቻ የሚገኘው፣ እ.ኤ.አ. ከ1977 ጀምሮ የመጥፋት ሥጋት ካለባቸው ተርታ በሕግ ተመዝግቦ እያለ ማለት ነው። እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባላል፤ ልጡን መቁረጥ ግን ሌላ ነገር ነው።

ቅርፊት የማይለየውን ዛሬ ጂን ይለየዋል። አውሮፓውያን ከልጅነት ጀምሮ የሚያውቁት፣ በኩሬና በቦይ ዳር የሚኖር፣ ናትሪክስ የተባለ እባብ አላቸው። እ.ኤ.አ. በ2017 በጀርመን የሚመራ የተመራማሪዎች ቡድን ከ1,600 በላይ የሚሆኑ ናሙናዎችን መርምሮ የምዕራቡ ናትሪክስ ከምሥራቁ የተለየ ራሱን የቻለ ዝርያ መሆኑን አሳየ። እንግሊዞች አንድ የውሃ ዳር እባባቸውን ለዘመናት ሲጠሩበት የኖሩትን ሳይንሳዊ ስም በዚያ ዓመት ለወጡ። እንዲህ በተጠና አህጉር ይህ ከሆነ በእኛ ደጋ ምን እንደሚጠብቅ መገመት አያዳግትም።

መገመትም አያስፈልግም፤ ተጀምሯል። ሹዶቦዶን የሚባለው የእባብ ወገን ከኢትዮጵያና ከኤርትራ በቀር በዓለም የትም የለም። ለረጅም ጊዜ የሚታወቁት ዝርያዎቹ ሁለት ነበሩ። አንዱ ጀርባው ላይ መስመር የሚወርድበት፣ በደጋው በሰፊው የሚገኘው ለምኒስካተስ ነው። ራስሙሰንና ማልኮም ላርገን እ.ኤ.አ. በ1992 ወገኑን እንደ ገና ሲመረምሩ ከደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሦስተኛ ዝርያ አገኙ፤ ስቲቨን ስፖልስ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2004 ከዚያው ከደቡብ ምዕራብ አራተኛውን ጨመረ። እ.ኤ.አ. በ2022 ሌላ ዜና መጣ። እ.ኤ.አ. ከ1908 ጀምሮ ከቤት እባቦች ተርታ ተመድቦ የኖረው፣ በኤርላንገር ስም የተጠራው የኢትዮጵያ እባብ በጂን ሲመረመር ከነበረበት ወገን ወጥቶ ለብቻው አዲስ ወገን ተሰጠው። የወገኑ ስም ቦፋ ነው፤ በኦሮምኛ እባብ ማለት። ከመቶ ዓመት በላይ መልኩ ሰውን ሲያሳስት ኖሯል።

ከሁሉም በላይ ልቤን የሚነካው ግን የእፉኝቶቹ ነገር ነው። ቮልፍጋንግ ቦሜ እ.ኤ.አ. በ1977 ከመቱና ከበደሌ መካከል ከተገኘ አንድ ናሙና ተነሥቶ ቢቲስ ፓርቪዮኩላ የተባለውን፣ ዓይነ ትንሹን የኢትዮጵያ ደጋ እፉኝት ገለጸ። ከስምጥ ሸለቆው ምሥራቅ፣ ከባሌ ወገን የተገኘ አንድ የሙዚየም ናሙናም የዚሁ ዝርያ ተደርጎ ይታይ ነበር። ኋላ ከሐረና ጫካ በሕይወት ሳለ ፎቶ የተነሣ አንድ እባብ ተጨመረበት። ተመራማሪዎች ናሙናውንና ፎቶውን ጎን ለጎን አድርገው፣ ቀለሙንና የቅርፊቱን አደራደር ከምዕራቦቹ ጋር አስተያይተው፣ እ.ኤ.አ. በ2016 ቢቲስ ሐረና ብለው አዲስ ዝርያ መሆኑን አወጁ። አንድ ናሙናና አንድ ፎቶ። ሸለቆው ሁለቱን ዘመዳሞች ለረጅም ዘመን ለያይቶ አኑሯቸዋል፤ ለዚህም ነው እባብ የተገኘበት ቦታ ራሱ እንደ ቅርፊት የሚቆጠር ማስረጃ የሚሆነው።

ይህ ወደ ቂርቆስ ይመልሰናል። ባንተይቀጡ በፍል ውሃና በግዮን አካባቢ አልፎ፣ ቀበናም ከእንጦጦ ወርዶ፣ ሁለቱም ውሃቸውን በአቃቂ በኩል ለአዋሽ ያስረክባሉ። አዋሽ ደግሞ ባሕር አይደርስም፤ አቤ ሐይቅ ገብቶ ይቀራል። በባሮ የሚዋኘው ግራዪያ ውሃው ወደ ናይል የሚሄድ ነው። ስለዚህ አንድ ሰው የግራዪያን ፎቶ አሳይቶ «መስቀል አደባባይ ሥር ያነሣሁት ነው» ቢለኝ ከቅርፊቱ በፊት አድራሻውን እጠራጠራለሁ። ከተማው ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ነው፤ ሌሊቱ ይቀዘቅዛል፤ የቆላ እባብ የሚኖርበት አገር አይደለም። በዚህ ከፍታ ከወንዝ ዳር ሊገኙ የሚችሉት እባቦች ዝርዝር አጭር ነው። ለጀማሪ ለዪ ይህ ትልቅ ዕድል ነው፤ ዝርዝሩ ግን በሰፈር ደረጃ ሊሠራ ይገባዋል።

በ2011 ዓ.ም. የተጀመረው ሸገርን የማስዋብ ፕሮጀክት በከተማዋ 56 ኪሎ ሜትር የወንዝ ዳርቻ ለማልማት የታሰበ ነው፤ የካዛንችስ መልሶ ማልማትም እስከ ወንዝ ዳር ወርዷል። የወንዞቹ መጽዳት የዘመናት ምኞት ነው፤ እኔም ከሚመኙት አንዱ ነኝ። ግን አንድ ነገር ይቆጨኛል። አሮጌ የድንጋይ አጥር፣ ያልታረመ ቁጥቋጦ፣ ውሃ የቋጠረ ጉድባ ሲነሣ በውስጡ የነበረው ሁሉ አብሮ ይነሣል፤ እንቁራሪቱም፣ እንቁራሪቱን የሚበላውም። ተፈናቃዩ እባብ ወደ ሰው ግቢ ይገባል፣ ራሱን ይቀጠቀጣል፣ ይጣላል። መሐንዲሱ አፈሩን ያስመረምራል፤ የውሃውን ከፍታ ያስለካል። ቁጥቋጦው ከመመንጠሩ በፊት በክረምት ምሽት ባትሪ ይዘው ዳርቻውን የሚመለከቱ ሁለት የባዮሎጂ ምሩቃን መጨመር ከግንቡ ወጪ ጋር ሲተያይ ምንም አይደለም። አራት ኪሎ ሳይንስ ፋኩልቲ ያለው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ከካዛንችስ በእግር ይደረሳል። ላርገንም እዚያው ዩኒቨርሲቲ ሲያስተምር ነው የኢትዮጵያን እንቁራሪቶችና እባቦች መመዝገብ የጀመረው፤ ከስፖልስ ጋር ያዘጋጁት የኢትዮጵያና የኤርትራ መጽሐፍም እ.ኤ.አ. በ2010 ታትሟል። መሠረቱ አለ።

መለየቱ የዕውቀት ጥማት ብቻም አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገምተው በዓለም በየዓመቱ 5.4 ሚሊዮን ሰዎች በእባብ ይነደፋሉ፤ ከ81,000 እስከ 138,000 የሚሆኑት ይሞታሉ። ድርጅቱ እ.ኤ.አ. በ2017 የእባብ ንድፊያን ችላ ከተባሉ የሐሩር አካባቢ በሽታዎች ተርታ ያሰፈረው ለዚህ ነው። በእኛም አገር ከደጋ ወርደው በሰሊጥና በማሽላ እርሻ የሚሠሩ የቀን ሠራተኞች በየክረምቱ ይነደፋሉ። ድንበር የለሽ ሐኪሞች በአማራ ክልል አብዱራፊ ከካላዛር ጋር የእባብ ንድፊያ ሲያክሙ ቆይተዋል። ለሐኪሙ ዋናው ጥያቄ የእፉኝት መርዝ ነው ወይስ የኮብራ የሚለው ነው፤ ማርከሻው የሚመረጠው በዚያ ስለሆነ። ዘመዳሞችም ያሳስባሉ። የምሥራቅ አፍሪካው ግዙፍ መርዝ ተፊ ኮብራ ናጃ አሼ ከባለ ጥቁር አንገቱ ተለይቶ ራሱን የቻለ ዝርያ መሆኑ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ2007 ብቻ ነው።

ስለዚህ ለግንበኞቹ አለቃ የነገርኩትን እዚህም እደግመዋለሁ። የተነደፈ ሰው ካለ የተነደፈውን አካል ሳያንቀሳቅሱ ቶሎ ወደ ሆስፒታል ነው፤ መብጣት፣ መምጠጥ፣ በገመድ አጥብቆ ማሰር የለም። እባቡን ገድሎ ይዞ መሄድም አያስፈልግም፤ በቅርቡ የሞተ እባብ ራስ ራሱ ሊነክስ ይችላል። ማንም ካልተነደፈና እባቡ የሚወጣበት ቀዳዳ ካለው፣ ከሦስት አራት ሜትር ርቆ ስልኩን አጉልቶ ማንሣት ይበቃል፤ ራሱን ከጎን፣ ከቻለም ከላይ፣ ጀርባውን በሙሉ፣ ጅራቱን። ቦታውንና ቀኑን መጻፍ። ሞቶ ከተገኘ በእጅ አለመንካት፤ በእንጨት ገልብጦ ሆዱንና የመውጫውን ቅርፊት ማንሣት። ቆዳ ከተገኘ በወረቀት ጠቅልሎ ማስቀመጥ፤ ቅርፊቱ ይቆጠራል፣ ጂኑም ሊመረመር ይችላል።

አለቃው ሁለት ጥያቄ ጠየቀኝ። የመጀመሪያው ፎቶውን ለማን እንደሚልክ ነበር፤ የጎረቤቴን ስልክ ሰጠሁት። ሁለተኛው ሠራተኞቹ ድንጋይ ሲያነሡ ምን ያድርጉ የሚል ነው። ቦቲና ወፍራም ጓንት፣ ድንጋዩን በእጅ ሳይሆን በዲጂኖ ማንሣት፣ ወደ ማዶ ሳይሆን ወደ ራስ መገልበጥ። ይኸኛውን ጽፎ ያዘው፤ ከሰኞ ጀምሮ ጓንት እንደሚያስመጣም ነገረኝ።